ከአማካይ በላይ ያመጣ ሁሉ «መልካም አመለካከት» አለው? ስለ አመለካከት መለኪያ ሚዛኖች እንወያይ

ሰላም ከማራኪ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣ እንዴት አመሻችሁ?

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን ፕሮፖዛል እየጻፍኩ ነው። ጥናቱ የደምቢያ ገበሬዎች ስለ ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ያላቸውን አመለካከት ይለካል። የናሙናው ቁጥር ያው የምታውቁት 423 ነው፤ በተለመደው የናሙና ቀመር የሚወጣው 384 ላይ፣ መልስ ለማይሰጡ ሰዎች ተብሎ አስር በመቶ ተጨምሮ። ሚዛኑም የተለመደው ሊከርት ነው። 12 ዓረፍተ ነገሮች አሉ። ለእያንዳንዱ አምስት መልስ አለ፤ ከ«በጣም አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ»። ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጥና ይደመራል። ከዚያ አማካዩ ይወጣል። ከአማካይ በላይ የሆነው «መልካም አመለካከት»፣ በታች የሆነው «ደካማ አመለካከት» ይባላል። ቀጥሎ «መልካም» ወይም «ደካማ» መሆን ከምን ጋር እንደሚዛመድ በሎጂስቲክ ሪግሬሽን ይሰላል።

ያነበብኳቸው ብዙ ጥናቶች የሠሩት እንዲህ ነው። ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። 423ቱም ሰው መድህኑን ቢወደው እንኳ፣ ግማሽ ያህሉ ከአማካይ በታች መውደቁ አይቀርም። ታዲያ እነዚህን ሰዎች «ደካማ አመለካከት ያላቸው» ብዬ ልጽፍ ነው? ባላሉት ነገር መፍረድ አይሆንብኝም?

ሌላም አለኝ። አምስቱ ደረጃ ማንበብ ለማይችል ሰው በቃል ሲነገረው ይያዝለታል? ደምቢያ ወይም በዙሪያው መረጃ የሰበሰባችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የቆላ ድባ ልጅ · ከምሽቱ 2፡55

እህቴ፣ ስሌቱን ለባለሙያዎቹ ልተወውና ሁለተኛውን ልመልስልሽ። እኔ መረጃ ሰብሳቢ ነኝ። ደምቢያም ጎንደር ዙሪያም ቤት ለቤት እየዞርኩ ነው የምሠራው።

አይያዝም። አምስቱን አማራጭ አንብበሽ ስትጨርሺ የመጀመሪያው ተረስቷል። ሰዉ ደግሞ በአምስት ደረጃ አይመልስልሽም። «ተመስገን» ይልሻል። «ምን ይላል፣ ደህና ነው» ይልሻል። «እናንተ ታውቁት የለ» ይልሻል። አሁን «ደህና ነው» ስንት ነው? አንዱ ሰብሳቢ 4ን ያከብባል፣ ጓደኛው 3ን። ማታ ሱፐርቫይዘሩ የሚረከበው የሰብሳቢዎቹን ግምት ነው እንጂ የገበሬውን ሐሳብ አይደለም። ይሄ ነገር ከልቤ ያናድደኛል። ሰው ሥራውን ትቶ፣ ቡና አፍልቶ፣ ጊዜውን ሰጥቶን፣ የሱ ቃል ቀርቶ የኛ ግምት ይጻፋል።

የሚሠራው በሁለት እርምጃ መጠየቅ ነው። መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩን ታነቢያለሽ። «በዚህ ይስማማሉ ወይስ አይስማሙም?» ትያለሽ። ከዚያ ዝም ብለሽ ትጠብቂያለሽ፤ ዝምታውን አትፍሪው። «እስማማለሁ» ካሉሽ «በጣም ነው ወይስ በመጠኑ?» ትያለሽ። ካልተስማሙም እንደዚያው። «ወዲህም ወዲያም አይደለሁም» ያለሽ ሰው መሃል ላይ ይቀመጣል። በመጨረሻ ያው አምስት ደረጃ ነው የሚወጣው፣ ሰዉ ግን በአንድ ጊዜ የሚመርጠው ከሁለት ነገር ነው።

ሌላው ዘዴ በፍሬ ማስቆጠር ነው። አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ በሰፌድ ሽምብራ ሲለቅሙ አገኘኋቸው። «እሜቴ፣ ከዚህ አስር ፍሬ ይቁጠሩልኝ» አልኳቸው። «ጤና ጣቢያ ሲሄዱ መድኃኒት አገኛለሁ ብለው ምን ያህል ያምናሉ? ሙሉ በሙሉ ካመኑ አስሩንም ወደ እኔ ይግፉት። ምንም ካላመኑ አንዱንም አይንኩት።» ሰባቱን ገፉ። ትንሽ አሰቡና ሁለቱን መለሱ። «እነዚህ የክረምቱ ናቸው። ክረምት ክረምት ያልቃል» አሉኝ። ወረቀቱ ላይ 5 ጻፍኩ፣ ከጎኑም ስለ ክረምቱ ያሉትን ጻፍኩ። «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ…» እያልኩ ባነብላቸው ኖሮ ይሄ የክረምት ነገር አይወጣም ነበር።

ቁጥርና ሰው · ከምሽቱ 3፡40

እንዴት አመሻችሁ። ባዮስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። የማራኪዋ ልጅ፣ ያነሳሽው ጥያቄ የጥናትሽ ዋና ጥያቄ ነው፤ አደራ እንዳትተዪው።

አማካይ የሚወጣው ከናሙናሽ ነው። ናሙናው ከፍ ሲል ከፍ ይላል፣ ዝቅ ሲል ዝቅ ይላል። በሱ የሰውን አመለካከት መፈረጅ፣ ጨርቁ በረዘመ ቁጥር አብሮ በሚረዝም ሜትር እንደ መለካት ነው።

በቁጥር እንየው። 12 ጥያቄ ካለሽ ዝቅተኛው ድምር 12፣ ከፍተኛው 60 ነው። በሁሉም ላይ «መሃል ነኝ» ያለ ሰው 36 ያገኛል። እንበልና የአንዱ ቀበሌ አማካይ 50 ሆነ። እዚያ 45 ያገኘች ሴት «ደካማ አመለካከት» ተብላ ትጻፋለች። ሴትዮዋ ግን አብዛኛው ጥያቄ ላይ «እስማማለሁ» ብላለች። የሌላው ቀበሌ አማካይ 30 ሆነ እንበል። እዚያ 32 ያገኘ ሰው «መልካም አመለካከት» ይባላል። 32 ከመሃሉ ከ36 በታች ነው! ሰውየው ወደ አለመስማማት ያጋደለ ነው። እንግዲህ የምትደግፈውን «ደካማ»፣ የሚቃወመውን «መልካም» ብለን ጻፍን። ከዚያ በዚህ ላይ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ሠርተን «የተማሩት መልካም አመለካከት የመያዝ ዕድላቸው 2 እጥፍ ነው» እንላለን።

አንዳንዱ ከዚህ ለማምለጥ የብሉም መቁረጫ የሚባለውን ይይዛል፤ 80 በመቶና ከዚያ በላይ ጥሩ፣ ከ60 እስከ 79 መካከለኛ፣ ከ60 በታች ደካማ። ለእውቀት ፈተና ያስኬድ ይሆናል፤ ፈተና ላይ ዜሮ ማግኘት ይቻላል። ሊከርት ላይ ግን ዜሮ የለም። ሁሉንም «በጣም አልስማማም» ያለ ሰው 12 ከ60 ያገኛል፤ 20 በመቶ በነጻ። ሁሉንም መሃል ያለ ሰው 60 በመቶ ያገኛል። ላነበበው ሰው 60 በመቶ ከግማሽ በላይ የደገፈ ይመስላል፤ ሰውየው ግን ምንም አልደገፈም። በአንድ ጥያቄ ብቻ ከ3 ወደ 2 ቢወርድ ድምሩ 35 ይሆንና «ደካማ» ተብሎ ያርፋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከድምሩ 12 ቀንሺ፣ ለ48 አካፍዪ፣ በ100 አባዢ። አሁን ከ0 እስከ 100 የሆነ ሚዛን አለሽ። መሃል ያለው 50 ያገኛል። ያቺ 45 ያገኘችው ወደ 69፣ ያ 32 ያገኘው ወደ 42 ይሆናሉ። እንዲህ ሲሆን ሁለት ቀበሌም ሁለት ወረዳም ማወዳደር ይቻላል።

ከሁሉም የሚሻለው ግን አለመቁረጥ ነው። ድምሩን እንዳለ ይዘሽ፣ ነጥቡ ከምን ጋር ከፍና ዝቅ እንደሚል የሚያሳየውን ሊኒየር ሪግሬሽን ሥሪ። አማካይሽ 36 ቢሆንና እሱ ላይ ብትቆርጪ፣ 37 ያገኘውና 60 ያገኘው አንድ ዓይነት ሰዎች ይሆናሉ፤ 35 እና 37 ያገኙት ደግሞ ሰማይና ምድር። የደከምሽበትን መረጃ በገዛ እጅሽ መጣል ነው።

የወገራ ሰው · ከምሽቱ 4፡05

መምህር፣ ያሉት ገብቶኛል፤ በአንድ ነገር ግን ልከራከርዎት። እኔ ጤና አስተዳደር ላይ ነኝ። ጥናት ሲመጣልን የምንፈልገው ቁጥር አለ። «ከሕዝቡ ስንቱ ይደግፋል?» ነው ጥያቄያችን። «አማካይ ነጥቡ 62 ነው፣ የትምህርት ኮኤፊሸንት 3.1 ነው» ቢባል ምን እናድርገው? ስብሰባ ላይ ማንም አይጠቀምበትም። መቁረጥ መጥፎ ነው ከተባለ፣ ለኛ የሚሆን ምን ይቀራል?

ቁጥርና ሰው · ከምሽቱ 4፡20

ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ከድምሩ ላይ ሳይሆን ከጥያቄዎቹ ላይ ይገኛል። «በሚቀጥለው ዓመት መዋጮዬን አድሳለሁ» በሚለው ከመቶ ስንቱ ተስማማ? «ካርዱን ይዤ ስሄድ በጥሬ ገንዘብ ከሚከፍለው እኩል እስተናገዳለሁ» በሚለውስ? እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ለስብሰባ ይሆናሉ፣ ትርጉማቸውም ግልጽ ነው። «ከመቶ ይህን ያህሉ መልካም አመለካከት አለው» የሚለው ግን ለስብሰባ የሚመች መስሎ ምንም አይነግርዎትም። ምኑ እንደተወደደ፣ ምኑ እንደተጠላ አያሳይም።

የግድ ይቆረጥ ከተባለም፣ መቁረጫው መረጃው ሳይሰበሰብ ፕሮፖዛሉ ላይ ይጻፍ። ምክንያትም ይኑረው። ለምሳሌ «ከ36 በላይ ማለት በጥቅሉ ወደ መስማማት ያጋደለ ማለት ነው» ቢባል ያስኬዳል።

የወገራ ሰው · ከምሽቱ 4፡26

ይሄ ይገባኛል። በተለይ ሁለተኛዋን ጥያቄ ብታስገባት ደስ ይለኛል።

ጀማሪ ነኝ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ይቅርታ፣ በመሃል ልግባና። እኛ የተማርነው ሊከርት ኦርዲናል (ቅደም ተከተል ብቻ ያለው) ስለሆነ አማካይ አይወጣለትም ተብሎ ነው። እዚህ ደግሞ ድምር፣ አማካይ፣ ሊኒየር ሪግሬሽን እየተባለ ነው። የቱን እንያዝ?

አራዳ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ሳይኮሎጂ ነው ያጠናሁት፣ ይቺን ጥያቄ ስለምወዳት ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

አመለካከት ይለካል ብሎ በግልጽ የተነሳው ሉዊስ ተርስቶን ነው፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1928። የሱ ዘዴ አድካሚ ነበር። ብዙ ዓረፍተ ነገር ይሰበስባል። ለዳኞች ይሰጣቸዋል። ዳኞቹ ከጽኑ ተቃውሞ እስከ ጽኑ ድጋፍ በ11 ክምር ይደለድሉታል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ዋጋ ይወጣለታል። በ1932 ሬንሲስ ሊከርት በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናቱ ዳኞቹን ተዋቸው። መላሹ ራሱ በአምስት ደረጃ ይመልስ፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 እንስጠውና እንደምረው አለ። ከተወሳሰበው ስሌት ጋር ሲያስተያየው ውጤቱ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘው።

ልብ በል፣ ሊከርት ያወራው ስለ ድምር ነው። የሊከርት ሚዛን የሚባለው የብዙ ጥያቄዎች ድምር ነው እንጂ አንዲት ባለ አምስት ምርጫ ጥያቄ አይደለችም። ጭቅጭቁ ሁሉ የሚነሳው እነዚህ ሁለቱ ሲደበላለቁ ነው።

«አማካይ አይወጣም» የሚለው የመጣው ከስታንሊ ስቲቨንስ ነው። በ1946 መለኪያዎችን በአራት ከፈላቸው፤ ስም ብቻ የሆነ፣ ቅደም ተከተል ያለው፣ እርቀቱ እኩል የሆነ፣ እና እውነተኛ ዜሮ ያለው። «እስማማለሁ» ከ«በጣም እስማማለሁ» ያለው ርቀት፣ ከመሃሉ ካለው ርቀት ጋር እኩል ነው ብሎ ማንም ሊምል አይችልም። ስለዚህ አንዲት ጥያቄ ብቻዋን ስትሆን ቅደም ተከተል ብቻ ናት። በመቶኛና በሚዲያን (በመሃለኛው መልስ) አቅርባት፣ ሁለት ቡድን ስታወዳድር በቅደም ተከተል የሚያወዳድረውን «ማን-ዊትኒ» የሚባል ስሌት ተጠቀም።

ምክንያቱን ለማየት አስር ሰው አስብ። አምስቱ 1 አሉ፣ አምስቱ 5 አሉ። አማካዩ 3። ሌላ ቦታ አስሩም 3 አሉ። አማካዩ ያው 3። አንዱ ቀበሌ ለሁለት ተከፍሏል፣ ሌላው ምንም አልመሰለውም። አማካዩን ብቻ ያየ ግን ሁለቱ ቀበሌዎች አንድ ናቸው ይላል።

12 ጥያቄ ሲደመር ግን ነገሩ ይለወጣል። ድምሩ ከ12 እስከ 60 ይዘረጋል፣ አብዛኛውን ጊዜም ቅርጹ ለአማካይና ለሪግሬሽን ይመቻል። ጄፍ ኖርማን በ2010 ይሄን ክርክር አንስቶ፣ የተለመዱት ስሌቶች እንዲህ ያለውን መረጃ እንደሚችሉት በደንብ አሳይቷል። እኔ በዚህ እስማማለሁ። ስርጭቱን በዓይን ሳያዩ ግን መሥራት አይገባም፤ መጀመሪያ ሂስቶግራሙን ተመልከት።

ሲስተር ከአዘዞ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡40

እኔ ተመራማሪ አይደለሁም፣ ነርስ ነኝ። ግን ሚዛን በየቀኑ እጠቀማለሁ። ሕመም የምንለካው ከ0 እስከ 10 ነው፤ 0 ምንም ሕመም የለም፣ 10 ከሁሉ የከፋ። ለሕፃናት ከሦስት ዓመት ጀምሮ ባለ ስድስት ፊቱን እናሳያለን፣ ከሚስቀው እስከሚያለቅሰው። ልጅ አያፍርም፣ ጣቱን ቶሎ ይቀስራል። አዋቂው ነው የሚያስቸግረው። በተለይ አባቶች ባለቤታቸው ወይም ልጃቸው አጠገብ ከቆመ «ደህና ነኝ፣ 2 በይው» ይላሉ። ግንባራቸው ላይ ላብ ይታያል። ልጃቸውን «እስቲ ውኃ ግዛላቸው» ብዬ ስልክና ደግሜ ስጠይቅ 7 ይሆናል። ሚዛኑ አልተለወጠም፣ ሕመሙም አልተለወጠም። አጠገባቸው ያለው ሰው ነው የተለወጠው።

የበሽተኛ እርካታም እንዲሁ ነው። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው አልጋ ድረስ ሄዶ «በአገልግሎቱ ረክተዋል?» ሲል ማን «አልረካሁም» ይላል? ነገ መርፌውን የሚወጋው እሱ ነው። ይሉኝታ ብቻ አይደለም፣ ፍርሃትም አለበት። ጋውን ያልለበሰ ሰው፣ በሽተኛው ከወጣ በኋላ፣ ከተቻለ ቤቱ ሄዶ ይጠይቅ።

የማራኪዋ እህቴ፣ የመድህኑን ሠራተኛ መንገድ መሪ አድርገሽ እንዳትወስጂ።

የቆላ ድባ ልጅ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡05

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥሽ። ይሄ በጣም ትልቅ ነጥብ ነው። የቀበሌ ሰው ቤት ካሳየ በኋላ ራቅ ይበል። ወረቀት ወይም ታብሌት የያዘ ሰው ሲመጣ መዋጮ ሊሰበስብ ወይም ስም ሊመዘግብ ነው ተብሎ ነው የሚታሰበው። በእድሳት ወቅት ከሆነ ደግሞ ባሰ። ያኔ «መድህኑ ጥሩ ነው» የሚልሽ ቶሎ እንድትሄጂለት ነው።

ግቢው ዳር · ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡30

ከጤና ወጣ ልበልና፣ እኔ ቱሪዝም ነኝ። ፋሲል ግቢን የሚጎበኙ ሰዎች ቦታውን እንዴት እንዳዩት ነው የማጠናው። ሊከርትን ትቼ የሥነ ልቦና ተመራማሪውን የኦስጉድን ሚዛን ወሰድኩ፣ በ1957 የወጣውን። ዓረፍተ ነገር የለውም። ግራና ቀኝ ተቃራኒ ቅጽሎች አሉ፣ መሃላቸው ሰባት ክፍት ቦታ። «ሕይወት ያለው / የሞተ»፣ «የሚጋብዝ / የሚገፋ»፣ «የተጠበቀ / የተተወ»። ጎብኚው አንዱ ላይ ምልክት ያደርጋል። የምትስማማበት ነገር ስለሌለ «እሺ እሺ» ማለት አይቻልም። ለማንበብ ለሚችል ሰውና ለቦታ ስሜት እጅግ ጥሩ ነው። ደምቢያ ላይ በቃል ለመጠየቅ ግን አልመክርም።

ሰላም ከማራኪ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡50

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አማካይ ላይ መቁረጡን ትቼዋለሁ። በሁለት እርምጃ መጠየቁንም ወስጃለሁ። አሁን ጥያቄዎቹ ላይ ሁለት ነገር ልጠይቅ።

ሁሉም ሰው «እስማማለሁ» እንዳይል ግማሾቹን ጥያቄዎች በአሉታ ጽፌያለሁ፣ ለምሳሌ «መድህኑ ለኔ ቤተሰብ አይጠቅምም» ብዬ። ልክ ነው? ሁለተኛ፣ በሙከራ ጊዜ ክሮንባክ አልፋ የሚባለው የጥያቄዎች ዝምድና መለኪያ ከ0.7 በላይ ከሆነ ጥያቄዎቹ ጥሩ ናቸው ብዬ መደምደም እችላለሁ?

አራዳ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

የመጀመሪያውን እኔ ልያዘው። ሐሳብሽ ልክ ነው፣ መንገዱ ግን በአማርኛ ያደናቅፋል። «መድህኑ ለኔ ቤተሰብ አይጠቅምም» ተብሎ የተነበበለት ሰው መድህኑን ቢወድ «አይጠቅምም በሚለው አልስማማም» ማለት አለበት። ድርብ አሉታ ሆነ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «አዎ፣ ይጠቅማል» ይልሻል። ሰብሳቢው «አዎ»ን ሰምቶ «እስማማለሁ» ላይ ቢያከብብ ነጥቡ ተገለበጠ። «በጣም አልስማማም» የሚለውም ራሱ ችግር አለበት፤ «ያን ያህል አልስማማም» ተብሎም ይሰማል። «ፈጽሞ አልስማማም» ብትዪው ይጠራል።

እኔ ብሆን ግን መስማማት አለመስማማቱን ከናካቴው እተወው ነበር። ነገሩን ራሱን ጠይቂ። «መድህኑ ለቤተሰብዎ ምን ያህል ይጠቅማል? ምንም አይጠቅምም፣ ትንሽ ይጠቅማል፣ በመጠኑ ይጠቅማል፣ ብዙ ይጠቅማል፣ እጅግ ብዙ ይጠቅማል።» ዊለም ሳሪስና ባልደረቦቹ በ2010 ሁለቱን አጠያየቅ አወዳድረው ይሄኛው የተሻለ መረጃ እንደሚሰጥ አሳይተዋል። ለይሉኝታም ይመቻል፤ «እሺ» የሚባል ነገር የለውም። ይሄም በሁለት እርምጃ ይጠየቃል። «ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም?»፣ ቀጥሎ «ምን ያህል?»

«አላውቅም» የሚል ሰው ሲመጣ 3 እንዳትሰጪው፣ አደራ። ስለ መድህኑ ሰምቶ የማያውቅ ሰውና አስቦበት መሃል ላይ የቆመ ሰው አንድ አይደሉም። የራሱ ኮድ ይኑረው።

አንድ ነገር ልጨምር። አብዛኛው ሰው 21 ሰው ላይ ሙከራ ይሠራል፣ ከ423 አምስት በመቶ ብሎ። የሚያየው ግን ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ብቻ ነው። ከነሱ ጥቂቶቹን ቁጭ ብለሽ «ይሄን ስጠይቅዎት ምን አሰቡ? እስቲ በራስዎ ቃል ይንገሩኝ» በያቸው። «መዋጮው ተመጣጣኝ ነው» ያልሽው ለነሱ «ከጎረቤቴ እኩል ነው» ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ይሄን አልፋ በጭራሽ አይነግርሽም።

ቁጥርና ሰው · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡00

አልፋን ከጠራችሁት ልቀጥል። ሊ ክሮንባክ በ1951 ያወጣው አልፋ የሚናገረው ጥያቄዎቹ ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ ነው። የምትፈልጊውን ነገር ይለካሉ ወይ የሚለውን አይመልስም።

የጥያቄ ብዛትም ያሳብጠዋል። ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ያላቸው አማካይ ዝምድና 0.3 ይሁን፤ ደካማ ነው። 5 ጥያቄ ከሆኑ አልፋ 0.68 ይወጣል። 10 ከሆኑ 0.81። 20 ከሆኑ 0.90 ይደርሳል። ዝምድናው አልተሻሻለም፣ ጥያቄ ብቻ ነው የበዛው። አንዱን ሐሳብ በሦስት አነጋገር ብትደግሚውም አልፋው ይወጣል፤ መላሹን ግን «አሁን ነግሬሽ የለ?» ታሰኚዋለሽ።

ደግሞ 12ቱ ጥያቄዎችሽ አንድ ነገር ነው የሚለኩት? አንዳንዶቹ ስለ መዋጮው ናቸው፣ አንዳንዶቹ ስለ ጤና ጣቢያው፣ አንዳንዶቹ ገንዘቡን በሚይዙት ሰዎች ላይ ስላለ እምነት። ሰው ሐሳቡን ወዶ ጤና ጣቢያውን ሊጠላ ይችላል። እነዚህን ደምረሽ አንድ ቁጥር ከማድረግሽ በፊት የትኞቹ ጥያቄዎች አብረው እንደሚቧደኑ የሚያሳየውን ፋክተር አናሊሲስ ሥሪ። ሦስት ቡድን ከወጣ ሦስት ድምር ሆኖ ይቅረብ። የወገራውም ሰው የሚፈልገው እሱን ነው ብዬ እገምታለሁ።

የወገራ ሰው · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡12

አዎ መምህር፣ እሱን ነው። አንድ ነገር እንዳይረሳ፦ የድሃ ድሃ ተብለው መንግሥት የሚከፍልላቸው ቤተሰቦች አሉ። «መዋጮው ተመጣጣኝ ነው» ብለሽ እነሱን ስትጠይቂ ምን ይመልሱልሽ? ለይተሽ መዝግቢያቸው።

ሰላም ከማራኪ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡30

እሺ፣ እለያለሁ። የቆላ ድባ ልጅ፣ ኮቦ በሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ነው የምሰበስበው። ሁለቱን እርምጃ እንዴት ላስገባው? ሰብሳቢዎቼ እንዳይሰላቹም እፈራለሁ።

የቆላ ድባ ልጅ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡00

ቀላል ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ባለ አራት ምርጫ አድርጊው፤ ይጠቅማል፣ አይጠቅምም፣ መሃል፣ አላውቅም። ሁለተኛውን በስኪፕ ሎጂክ እሰሪው፣ ከሁለቱ አንዱ ሲመረጥ ብቻ እንዲመጣ። ከ1 እስከ 5 ያለውን ነጥብ ፎርሙ ራሱ እንዲያሰላው አድርጊ፣ ሰብሳቢ ቁጥር አይንካ። ጥያቄዎቹን በሰንጠረዥ አትደርድሪያቸው። ሰንጠረዥ ካየ ሰብሳቢው በድካም ሰዓት 4፣ 4፣ 4 እያለ ይወርዳል። አንድ ገጽ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ይምጣ።

ማታ ማታ ሁለት ነገር እዪ። ለ12ቱም አንድ መልስ የሰጠ ቅጽ ካለ አውጪው፤ ከሰብሳቢው ጋር ተነጋገሪበት። ቃለ መጠይቁ የፈጀውንም ጊዜ ተመልከቺ፤ ከሌሎቹ እጅግ ያጠረ ካለ ጠዋት ደውለሽ ወይም ሄደሽ አረጋግጪ። የሰብሳቢው ኮድም ዳታው ላይ ይኑር። አንዱ ሰብሳቢ የጠየቃቸው ሁሉ 5 ብለው የሌላው ሁሉ 3 ካሉ፣ ልዩነቱ ከገበሬው ላይሆን ይችላል።

ስልጠናው ላይ «ተመስገን» ስንት ነው ብለሽ ጠይቂያቸው። ቁጥር የነገረሽን ሰብሳቢ ደግመሽ አሰልጥኚው። ትክክለኛው መልስ «እሺ እናቴ፣ ተመስገን ነው፤ ይጠቅማል ነው የሚሉኝ ወይስ አይጠቅምም?» ብሎ መልሶ መጠየቅ ነው። ገበያ ቀን አትውጡ፣ ቤት ሰው አታገኙም።

ሰላም ከማራኪ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡15

ፎርሙን ዛሬ ማታ እጀምረዋለሁ። ጥያቄዎቹን በሦስት ክፍል መድቤ፣ «ምን ያህል» በሚለው አጠያየቅ ጽፌ እዚሁ እለጥፋቸዋለሁ። መምህር፣ ከመሞከሬ በፊት አንድ ጊዜ ቢያዩልኝ።

ቁጥርና ሰው · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡18

ለጥፊው፣ አየዋለሁ። ሊኒየር ሪግሬሽን ለምን እንደመረጥሽም ሁለት መስመር ጻፊ፤ ዲፌንስ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።